ሳላዝዘው ራሱ በሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ውስጥ የሠራሁትን ስሕተት እንዴት ልመልሰው? (ማይክሮስቴሽን)

ቦይና ቱቦ — ቅዳሜ፣ ረፋድ 4፡10

ጤና ይስጥልን፣ የሙያ ባልደረቦቼ። አዲስ አበባ ሳለሁ ለስምንት ዓመታት በአውቶካድና በሲቪል ስሪዲ የመንገድና የጎርፍ ማስወገጃ ንድፍ ስሠራ ቆይቼ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ሥራውን ሁሉ በሌሎች የንድፍ ሶፍትዌሮች፣ በማይክሮስቴሽንና በኦፕንሮድስ ዲዛይነር፣ በሚያካሂድ ቢሮ ተቀጥሬአለሁ። ትናንት ማታ የደረሰብኝን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ መፍትሔው ከዝርዝሩ ውስጥ ሊገኝ ይችላልና።

ፋይሉ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ የዝናብ ውኃ ማስወገጃ ፕላን ነው። በአንድ መገናኛ አካባቢ ያሉትን አሮጌ የማንሆል ምልክቶችና ጽሑፎች አጥፍቼ በአዲስ ልተካቸው ስለፈለግሁ በፌንስ (ትእዛዝ የሚሠራበትን ክልል በሚለይ አጥር) ከበብኳቸውና የፌንስን ይዘት የሚያጠፋውን መሣሪያ ተጠቀምሁ። በፌንሱ ውስጥ ያለው ግን አልጠፋም። ምን እንደሆነ ስመለከት፣ ጠዋት ለሌላ ሥራ የቀየርሁት የፌንስ ስልት «ቮይድ» ላይ እንደቆመ አየሁ። ወደ «ኢንሳይድ» መልሼ እንደገና አጠፋሁ፤ ጠፋልኝ፤ ሥራዬን ቀጠልሁ።

«ቮይድ» ማለት ከፌንሱ ውጭ ያለው ሁሉ ማለት ነው። አልሠራም ብዬ ያለፍሁት የመጀመሪያው ትእዛዝ በሚገባ ሠርቶ ኖሯል፤ የከበብሁትን ትቶ የቀረውን መንገድ በሙሉ ጠርጎታል። በሰዓቱ እይታውን አቅርቤ ነበር። በስክሪኑ ዳር ዳር ይታየኝ የነበረውም የቅየሳው ካርታ ነው፤ እሱ ደግሞ በሪፈረንስነት፣ ማለትም ሌላ ፋይል ሆኖ እንዲታይ ብቻ፣ የተያያዘ ስለሆነ በዚህ ትእዛዝ አይነካም። ስለዚህ አንድም ነገር የጎደለ አልመሰለኝም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሙሉውን ለማየት እይታውን ሳሰፋ ባዶ ሜዳ ጠበቀኝ። ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ያኔ ነው። አውቶካድ ባስለመደኝ መንገድ፣ «የአንድ ሰዓት ሥራ ይቅርብኝ፤ ሴቭ ሳላደርግ ልዝጋው» ብዬ ፋይሉን ዘጋሁት። «ለውጡ ይቀመጥ ወይስ ይቅር?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። መልሼ ስከፍተው ያው ባዶ ሜዳ ነው፤ «አንዱ» የሚለው የመመለሻ ትእዛዝም ደብዝዟል።

ከዚህ በኋላ የሚመለስበት መንገድ አለ? ወደፊትስ እንዲህ ካለው ሶፍትዌር ጋር እንዴት ይኖራል?

አሮጌ ቀያሽ — ቅዳሜ፣ ረፋድ 4፡45

ኢንጂነር፣ አይዞዎት። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እርስዎ ግን የሚተዳደሩት የፈሰሰ ውኃ በመሰብሰብ ስለሆነ ተስፋ መቁረጥ አይገባዎትም።

ከሁሉ አስቀድመው ፋይሉን ደግመው አይክፈቱት። ባለበት ሁኔታ በሌላ ፎልደር ውስጥ፣ በሌላ ስም ግልባጩን ያስቀምጡ። ተበላሽቷል ብለው አይናቁት፤ ካጠፉ በኋላ ለአንድ ሰዓት የሠሩት ያለው እሱ ውስጥ ብቻ ነው። በተጨማሪም «ቮይድ» ሙሉ በሙሉ ከአጥሩ ውጭ ያሉትን፣ «ኢንሳይድ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ በአጥሩ ውስጥ ያሉትን ስለሚነኩ፣ የአጥሩን መስመር አቋርጠው የሚያልፉ ቱቦዎች ካሉ ከሁለቱም ተርፈው ያገኟቸዋል።

ሶፍትዌሩ ያልታዘዘውን አልሠራም። ማይክሮስቴሽን የመጣው አይ ጂ ዲ ኤስ ይባል ከነበረው ከኢንተርግራፍ አሮጌ ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ሥዕሉ ሜሞሪ ውስጥ ተጠራቅሞ ኋላ በትእዛዝ የሚጻፍ አልነበረም፤ መስመሩ እንደተሰመረ ዲስክ ላይ ባለው ፋይል ውስጥ ይገባ ነበር። ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በምርጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ፣ «ኦፕሬሽን» በሚለው ክፍል፣ «ኢሚዲየትሊ ሴቭ ዲዛይን ቼንጅስ» የሚል አለ፤ ሶፍትዌሩ ሲጫን በርቶ ነው የሚመጣው። እሱ እስከበራ ድረስ ሴቭ ሳያደርጉ መዝጋት የሚባል ነገር የለም። የ«አንዱ» መዝገብ ደግሞ ዕድሜው ፋይሉ ተከፍቶ እስካለ ድረስ ብቻ በመሆኑ፣ ሲዘጉት የጣሉት ስሕተቱን ሳይሆን መመለሻውን ነው።

ይህን የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም። ነገ ያው ባዶ ሜዳ የሚጠብቀው ሌላ አንባቢ ፋይሉን ክፍት አድርጎ እንዲቆይ ነው። በመጨረሻው ሰዓት የሠራውን ከብቦ ወደ አዲስ ፋይል ይገልብጥ፤ ከዚያ ስሕተቱ እስኪመለስ «አንዱ»ን ደጋግሞ ይምታ፤ የገለበጠውን መልሶ ያምጣ። ይኸው ነው። በመሃል ፋይሉን «ኮምፕረስ» እንዳያደርግ ግን ይጠንቀቅ፤ የ«አንዱ»ን መዝገብ ባዶ ያደርግበታልና።

አሁን አንድ ነገር ይንገሩን፦ ፋይሉ የሚኖረው የት ነው? በራስዎ ዲስክ ላይ ነው፣ በጋራ ሰርቨር ላይ ነው ወይስ የቢሮ ሰነዶችን በሰርቨር በሚያስተዳድረው በፕሮጀክትዋይዝ?

ቦይና ቱቦ — ቅዳሜ፣ ረፋድ 5፡05

እናመሰግናለን፣ ጋሼ። ግልባጩን ወስጃለሁ። እንዳሉትም መገናኛውን አቋርጠው የሚያልፉ አራት ቱቦዎች ተርፈዋል፤ ከሰፊው ባዶ ሜዳ መሃል ተንጠልጥለው ሲታዩ ያስቃሉ፤ ለመሳቅ ግን አቅም የለኝም።

ፋይሉ በፕሮጀክትዋይዝ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቼክ አውት አድርጌ (ከሰርቨሩ በስሜ አውጥቼ) እስከ ትናንት ማታ መልሼ አላስገባሁትም። ማታ ስዘጋ «ቼክ ኢን ላድርግ?» የሚል መስኮት ሲወጣ፣ የተበላሸውን ወደ ሰርቨሩ እንዳልሰደው ፈርቼ ሰርዤዋለሁ።

ሰርቨር ጠባቂ — ቅዳሜ፣ ረፋድ 5፡20

ከመላው ታሪክዎ ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ያቺ የሰረዟት መስኮት ነች። ፕሮጀክትዋይዝ ሰነድ ቼክ አውት ሲደረግ ግልባጩን ወደ እርስዎ ኮምፒዩተር ያወርዳል፤ ማይክሮስቴሽን በየቅጽበቱ ሲጽፍ የሚጽፈውም በዚህ በወረደው ግልባጭ ላይ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው እርስዎ ቼክ ኢን እስኪያደርጉ ወይም የሰርቨሩን ቅጂ እስኪያድሱ ድረስ አይነካም። ስለዚህ የማክሰኞ ጠዋቱ ፋይል ሰርቨሩ ላይ በደኅና ተቀምጧል።

ወደዚያ የሚመልሰው ትእዛዝ «ፍሪ» ይባላል፦ ሰነዱን ከእርስዎ እጅ ያስለቅቅና በኮምፒዩተርዎ ላይ ያለውን ለውጥ ትቶ የሰርቨሩን ቅጂ ያጸናል። እባክዎ ዛሬ አይጫኑት። «ፍሪ» ክፉውንና ደጉን ለይቶ አያውቅም፤ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ የሠሩትን ሁሉ ይጥለዋል። የወረደው ግልባጭ ያለበትን የሥራ ፎልደር በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው መያዝዎን ሁለት ጊዜ ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ይጠቀሙበት።

ከዚያ በፊት ደግሞ በኮምፒዩተርዎ ላይ የቆየ የዚያ ፎልደር ጥላ እንዳለ ይፈልጉ። በዊንዶውስ፣ ፎልደሩ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ። የሲስተም ጥበቃው በርቶ ከሆነ፣ ዝማኔ ሲገባ በተፈጠረ የመመለሻ ነጥብ የተያዘ ቅጂ ሊኖር ይችላል። ቢያገኙ «ሪስቶር» አይበሉ፤ ያለውን ይደመስስብዎታል። «ኦፕን» ብለው ይግቡና ፋይሉን ጎትተው ወደ ሌላ ፎልደር ያውጡት።

የሥራ ባልደረባዎ ፋይልዎን በሪፈረንስ ካያያዘው፣ ከእሱ ኮምፒዩተር የተሻለ ቅጂ ይገኛል ብለው አይድከሙ። እሱም የሚያወርደው ከሰርቨሩ ስለሆነ የማክሰኞውን ነው የሚያገኙት።

ባለ ሕንፃው — ቅዳሜ፣ ቀን 7፡30

ችግሩ የመንገድ ሰዎች ብቻ አይደለም። ኢታብስ የተባለውን የሕንፃ መዋቅር መተንተኛ ሶፍትዌር የምንጠቀም የስትራክቸር ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር አለብን፦ «ራን» ሲባል ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ሞዴሉን ያስቀምጣል፤ ትንተናውን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። እስኪ የዚህ ኮለን (ምሰሶ) መጠን ከ50 በ50 ወደ 40 በ40 ቢወርድ ምን ይሆናል ብሎ ለሙከራ ቀይሮ ራን ያደረገ ሰው፣ ሙከራው የቢሮው ይፋ ሞዴል ሆኖ ይቀመጥበታል። እኔ ግን ብዙም አልጨነቅም፤ ኢታብስ ከሞዴሉ ጎን ስሙ በ«ዶላር ኢ ቲ» የሚያልቅ የጽሑፍ መጠባበቂያ ፋይል ያስቀምጣል፤ መጨረሻውን ወደ «ኢ ቱ ኬ» ቀይሮ ኢምፖርት ማድረግ ነው።

ከዱባይ — ቅዳሜ፣ ቀን 8፡00

ወንድሜ ባለ ሕንፃው፣ ስለ ራን የጻፉት ትክክል ነው፤ መጠባበቂያው ላይ ግን አልስማማም። ያ የጽሑፍ ፋይል ሞዴሉ በተቀመጠ ቁጥር አብሮ እንደ አዲስ ይጻፋል። ዋናው ፋይል ተበላሽቶ አልከፈት ሲል ያድናል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የእርስዎ ሙከራ ግን በጽሑፉም ውስጥ 40 በ40 ሆኖ ነው የሚገኘው። ፋይል ሲሰበርና ሰው ሲሳሳት የሚያድኑት መድኃኒቶች የተለያዩ ናቸው። ከራን በፊት ሞዴሉን በአዲስ ቁጥር «ሴቭ አዝ» ማድረግ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

ይህ መምታታት በአውቶካድም አለ። ብዙ ሰው ሁለቱን መጠባበቂያዎች እንደ አንድ ያያቸዋል። በየ10 ደቂቃው፣ ማለትም ማንም ካልቀየረው በስተቀር፣ በራሱ የሚጻፈው «ኤስ ቪ ዶላር» ፋይል ዋናውን ሥዕል አይነካም፤ በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ተቀምጦ ኮምፒዩተሩ በድንገት ቢጠፋ ያድናል፤ ሥዕሉ በሰላም ሲዘጋ ግን ይሰረዛል። «ባክ» ፋይሉ ከእሱ የተለየ ነው፦ ሴቭ ባደረጉ ቁጥር ከዚያ በፊት የነበረው ሥዕል «ባክ» ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሴቭ ብቻ ወደ ኋላ ይወስዳል። ስሕተቱን አይቶ ደንግጦ ኮንትሮል ኤስ የሚመታ ሰው የመጀመሪያውን መመለሻ በሁለተኛው ሴቭ ይቀብረዋል። በድንጋጤ ጊዜ ጣት መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ኮንትሮል ኤስ መሆኑ ይገርመኛል፤ እኔም ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ባለ ሕንፃው — ቅዳሜ፣ ቀን 8፡15

ልክ ነዎት። አሁን አንድ አሮጌ ሞዴል ከፍቼ ሞከርሁት፤ የጽሑፉ ፋይል ሰዓትም ከራኑ ሰዓት ጋር እኩል ነው። ለዓመታት የሌለ መጠባበቂያ ተማምኜ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

የልኬት ባለሙያ — ቅዳሜ፣ ቀን 9፡40

በንድፍ ሶፍትዌር አልሠራም፤ የኔ ዓለም ልኬትና ክፍያ ነው። ቢሆንም ኤክሴልም ከእናንተ ሶፍትዌሮች ጎራ መቀላቀሉን ልናገር። ፋይሉ ዋንድራይቭ ወይም ሼርፖይንት ላይ ካለ «አውቶሴቭ» በርቶ ነው የሚከፈተው። እኛ ደግሞ የክፍያ ሰርተፊኬት የምናዘጋጀው ያለፈውን ወር ከፍተን፣ ቁጥሩን ቀይረን፣ በመጨረሻ በአዲስ ስም በማስቀመጥ ነበር። ባለፈው ዓመት ቁጥር 7ን ከፍቼ ርእሱን ቁጥር 8 አልሁት፤ የመሬት ቆረጣውን መጠን አስገባሁ፤ የቅድመ ክፍያውን ተቀናሽ አስተካከልሁ። በአዲስ ስም ላስቀምጥ ስል ቁጥር 7፣ አማካሪው የፈረመበት፣ የከፈልንበት ሰነድ፣ ከሩብ ሰዓት በፊት ቁጥር 8 ሆኖ አልቋል።

እንደ እድል ሆኖ እዚያ መመለሱ ቀላል ነው፦ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንፎ»፣ ከዚያ «ቨርዥን ሂስትሪ»፤ ከጠዋቱ ሰዓት በፊት ያለውን ቅጂ ከፍቶ መመለስ። ግን መጀመሪያ የአሁኑን በሌላ ስም ኮፒ አድርጌ አስቀመጥሁ፤ አለበለዚያ ቁጥር 8ን እንደገና ልሠራ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ፦ ከፍቼ አንዲት ሕዋስ ሳልነካ በፊት በአዲሱ ስም አስቀምጣለሁ።

ጀማሪ ድራፍተር — ቅዳሜ፣ ቀን 10፡20

ታላላቆቼ፣ ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝምና ጥያቄዬ ተራ ቢሆን ይቅርታ። ማይክሮስቴሽን እየተማርሁ ነው። በመሃል ላይ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ፣ ካልሆነልኝ እዚያው ወደነበርሁበት ነጥብ ለመመለስ «አንዱ»ን ስንት ጊዜ እንደምመታ መቁጠር አለብኝ? ደግሞስ «ኢሚዲየትሊ ሴቭ» የሚለውን ማጥፋት አይሻልም? ያኔ እንደ አውቶካድ ይሆንልኛል።

አሮጌ ቀያሽ — ቅዳሜ፣ ቀን 11፡00

ልጄ፣ ጥያቄሽ ተራ አይደለም፤ ቦይና ቱቦ ከጠየቁት ሁለተኛ ጥያቄ ጋር አንድ ነው።

መቁጠር አያስፈልግሽም። ከሙከራው በፊት በትእዛዝ መጻፊያው «ማርክ» ብለሽ ጻፊ፤ ይህ እንደ ቀያሽ ችካል ነው። ሙከራው ካላማረሽ «አንዱ ማርክ» ስትይ እስከ ችካሉ ድረስ ያለውን በአንድ ጊዜ ይመልሳል። «አንዱ ኦል» የሚባልም አለ፤ ፋይሉን ከከፈትሽበት ጊዜ ጀምሮ በመዝገቡ ያለውን ሁሉ ይመልሳል። ሴቭ ሳላደርግ ልዝጋ ለሚለው ልማድ ትክክለኛው ምትክ ይህ ነው፤ የሚደረገው ግን ከመዘጋቱ በፊት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ «አንዱ» የሚሉት ቃል በአማርኛ ብዙ አሳስቶናል። ድሮ አንድ ተለማማጅ አጠገቤ አስቀምጬ፣ የተሳሳተ መስመር ሲያሰምር አይቼ «አንዱ አድርገው» ብለው፣ ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮች በጣቱ እየቆጠረ «የትኛውን?» አለኝ።

ሁለተኛ፣ «ባክአፕ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ የተከፈተውን ፋይል ባለበት ሁኔታ ወደ መጠባበቂያ ፎልደር ይገለብጠዋል። እኔ ከኤፍ ቁልፎች በአንዱ ላይ አሥሬዋለሁ። ለምሳ ስነሳ፣ ፌንስ ከመጠቀሜ በፊት፣ የማላውቀውን መሣሪያ ልሞክር ስል እሱን እጫናለሁ። ሆኖም ቀጣዩ ግልባጭ የቀደመውን ሊተካው ስለሚችል፣ የቀኑን መነሻ ቀኑን ከስሙ ጋር ጽፌ ለብቻው አስቀምጣለሁ።

ሦስተኛ፣ «ዲዛይን ሂስትሪ» አለ። ፋይሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ካስጀመርሽው፣ አንድ ደረጃ ላይ ስትደርሺ «ኮሚት» እያልሽ፣ ምን እንደሠራሽ ማብራሪያ እየጻፍሽ ትመዘግቢያለሽ። የትኛው መስመር በየትኛው ምዝገባ እንደተጨመረና እንደጠፋ በቀለም ለይቶ ያሳያል፤ ወደ ቀደመው ምዝገባም ይመልሳል። ምዝገባው የሚቀመጠው በዚያው ፋይል ውስጥ በመሆኑ ፋይሉ ሲዘጋ አይጠፋም። ካስጀመሩት በኋላ ነው እንጂ ወደ ኋላ ሄዶ አይመዘግብምና ለቦይና ቱቦ ዛሬ አይጠቅማቸውም።

«ኮንትሮል ኤፍ»ን ደግሞ ከሴቭ ጋር አታምታቺው። እሱ የሚያስቀምጠው የእይታውን ሁኔታ፣ የምትሠሪበትን ሌቭል (የሥዕል ንብርብር) እና መሰል ቅንብሮችን ነው። ሥዕሉ ከእሱ በፊትም ተጽፎ አልቋል።

ምርጫውን ማጥፋቱ ላይ ግን አልመክርሽም። የምትኖሪው የት ነው?

ጀማሪ ድራፍተር — ቅዳሜ፣ ቀን 11፡10

ሳሪስ።

አሮጌ ቀያሽ — ቅዳሜ፣ ቀን 11፡15

እንግዲያስ ራስሽ መለስሽው። መብራት በሄደ ቁጥር ከመጨረሻው ሴቭ ወዲህ የሠራሽውን ታጫለሽ። እኔ በአውቶካድ እሠራ በነበረበት ዘመን ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ስንት ፕሮፋይል በልታብኛለች። ማይክሮስቴሽን ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ የመጨረሻዋን መስመር ሳይቀር አገኛት ነበር።

ከዱባይ — ቅዳሜ፣ ምሽት 12፡30

ከጋሼ ጋር በዚህ ብቻ እለያለሁ። መብራት በማይጠፋበት ቢሮ፣ ላፕቶፕ በባትሪ በሚሠራበት ዘመን፣ ምርጫውን ማጥፋት ስሕተት አይደለም። ለአዲስ ሰው በተለይ፣ ሲዘጋ የሚጠይቀው ሶፍትዌር ያረጋጋዋል። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ ምርጫው የተጠቃሚው ነው እንጂ የፋይሉ አይደለም። በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ አጥፍተውት ለምደው፣ አንድ ቀን የጓደኛዎ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲሠሩ «ሴቭ ሳላደርግ ልዝጋ» ይላሉ፤ እዚያ ግን በርቷል። ቦይና ቱቦንም የጎዳቸው ይኸው ከአንዱ ወንበር ወደ ሌላው የተሸከሙት ልማድ ነው።

መካኒኳ — ቅዳሜ፣ ምሽት 1፡50

ከጀርመን ነው የምጽፈው፤ የማሽን ክፍሎች ነዳፊ ነኝ። በኦንሼፕ ነው የምሠራው፤ እሱ ጭራሽ የሴቭ ቁልፍ የለውም፤ ሥራው የሚቀመጠው ሁሉ ደመናው ላይ ነው። ቢሆንም እያንዳንዱ ለውጥ በታሪክ መዝገቡ ውስጥ የራሱ መስመር አለው፤ ከወራት በፊት ወደነበረ መስመር ሄጄ ሰነዱን ወደዚያ መመለስ እችላለሁ፤ መመለሱ ራሱም እንደ አንድ ለውጥ ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ ሐሳቤን ብቀይር እንደገና ወደፊት እመጣለሁ። እኔን ያስቸገረኝ ብዛቱ ነው፦ በአንድ ቀን ከተመዘገቡ መቶዎች መካከል ጤነኛው የቱ እንደነበረ ማን ያስታውሳል? ስለዚህ ለደንበኛ ከመላኬ በፊት ስም ያለው ቨርዥን እፈጥራለሁ፤ ያ አይለወጥም።

ቦይና ቱቦ — ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ውጤቱን ሳልናገር መቅረት አልወደድሁም።

«ፕሪቪየስ ቨርዥንስ» ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ተገኘ፤ ረቡዕ ሌሊት የዊንዶውስ ዝማኔ ሲገባ የተያዘ ነው። ሰርቨር ጠባቂ እንዳስጠነቀቁኝ «ሪስቶር»ን ሳልነካ ፋይሉን ጎትቼ አወጣሁት። ስከፍተው ከመነሻው እስከ 2+400 (2 ኪሎ ሜትር ከ400 ሜትር) ያለው ቱቦ ሁሉ በቦታው ነበር። ከማክሰኞው ይልቅ ይህን መነሻዬ አደረግሁ።

ከዚያ የተበላሸውን ፋይል በሪፈረንስነት፣ መጋጠሚያው ሳይዛነፍ አያያዝሁትና፣ ዓርብ ማታ በመጨረሻው ሰዓት መገናኛው ላይ የሳልኋቸውን አዲስ ማንሆሎች ከሪፈረንሱ ወደ ዋናው ፋይል ገለበጥኋቸው። የፌንሱን ስልት ሦስት ጊዜ አየሁት፤ «ኢንሳይድ» ነበር። ያም ሆኖ ከመጫኔ በፊት «ማርክ» አድርጌአለሁ።

የቀረው ሐሙስና ዓርብ ቀን የሠራሁት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለቡድን መሪዬ ለአስተያየት የላክሁት ፒዲኤፍ በኢሜይል ውስጥ ስለተገኘ፣ እሱን ከሥር አንጥፌ በላዩ እየተከተልሁ የሐሙሱን በግማሽ ቀን ደግሜ ሳልሁት። የቱቦዎቹ የመግቢያና የመውጫ ከፍታ በጽሑፍ ስለተጻፈበት ስሌቱን ከመድገም ድኛለሁ። የዓርቡ ግን ጠፍቶ ቀርቷል። ከ2+400 በኋላ ያሉትን ሰባት የመንገድ ዳር የውኃ መግቢያዎች ዛሬ እንደገና አስቀመጥኋቸው፤ ሁለቱን ከዓርቡ የተሻለ ቦታ ያገኘሁላቸው ይመስለኛል፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም፤ የዓርቡን ማየት አልችልምና።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው «ፍሪ» ያደረግሁት። ሰነዱን እንደ አዲስ ቼክ አውት አድርጌ የተጠገነውን በቦታው ተካሁና ወዲያው ቼክ ኢን አደረግሁ። ከእንግዲህ ቼክ አውት አድርጌ አራት ቀን አልቆይም፤ በየማታው የሰርቨሩን ቅጂ አድሳለሁ።

ለቡድን መሪዬ ስነግረው፣ እሱም ከአውቶካድ በመጣበት ዓመት «ሴቭ ሳላደርግ ልዝጋ» ብሎ የአንድ ድልድይ ዝርዝር ሥዕል እንዳጣ አጫወተኝ። ቀጥሎ ወደ ኮምፒዩተሬ ጎንበስ ብሎ ኤፍ 12 ላይ «ባክአፕ»ን ራሱ አሠረልኝ።

ጀማሪ ድራፍተር — ሰኞ፣ ማታ 2፡40

እንኳን ተገኘልዎት። እኔም ኤፍ 12 ላይ አሠርሁት። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የመጠባበቂያው ፎልደር የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት።

አሮጌ ቀያሽ — ሰኞ፣ ማታ 2፡50

የኮንፊገሬሽን ተለዋዋጮች ዝርዝር ውስጥ ገብተሽ «ኤም ኤስ ባክአፕ» የሚለውን እዪው፤ የሚያመለክተው ፎልደር እሱ ነው። ፋይሉ የሚቀመጥበት ዲስክ ላይ ከሆነ ወደ ሌላ ዲስክ ቀይሪው። ከዚያ አንድ የማትፈልጊውን ፋይል ክፈቺ፤ ኤፍ 12ን ተጫኚ፤ ሥዕሉን ሆን ብለሽ አጥፊው፤ ዝጊው፤ ከመጠባበቂያው መልሰሽ ለመክፈት ሞክሪ። ሲከፈትልሽ ጻፊልን።